የጫማ ማሰሪያ

«ስምህ ተነሥቷል» አለኝ ምሕረቱ፣ ከደረጃው ሥር፣
ሻይ የሚጠጣ መስሎ፣ ከንፈሩ ሳይላቀቅ ከብርጭቆው ዳር።
አርባ ካርቶን ጓንት ጎድሏል አሉ ከመጋዘን፤
የፈረምኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ቁልፍ የያዝነው ሦስት ስንሆን።
«ዛሬ ይምጡ ነገ፣ እኔ አላውቅም» ብሎኝ፣
ሒሳብ ከፍሎልኝ ሄደ። መክፈሉ ነው ያስፈራኝ።

በማግስቱ ማለዳ ወረድኩ ወደ ልደታ፣
ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ ከጃንጥላዎቹ ተርታ፤
ጋሽ ዘርጋው የጽሕፈት መኪናውን ከጭኑ ላይ አኑሮ፣
የሰው በደል ይጽፋል፣ በገጽ ሃምሳ ብር ቆጥሮ።
«ጋሼ፣» አልኩት፣ «ሰው ዋስ ቢጠራ፣ ሳይያዝ አስቀድሞ፣
ስንት ቀን ይፈጃል?»
አየኝ በመነጽሩ አናት፣ ጣቱ ከፊደሉ ላይ ቆሞ።
«ከምን ነው የምትወጣው? ገና መች ገባህና!
ለእስር ነው እንጂ ዋሱ፣ ለፍርሃት የለም ዋስትና።
መጀመሪያ ታሰር። በአርባ ስምንት ሰዓት ትቀርባለህ፤
መርማሪው ‹ይቀረኛል› ይላል፤ አሥራ አራት ቀን ትሰነብታለህ፤
ሊደገምም ይችላል። ከዚያ ነው ‹ዋስ ጥራ› የምትባል፤
ከዚያ ወዲህ ያለውን ቀን፣ ቤትህ ሆነህ ብትቆጥር ይሻላል።»
ሃምሳ ብሬን መለሰልኝ። እሱም እንደ ምሕረቱ!

ለትርንጎ ነገርኳት። አላለቀሰችም፤
ካርቶን አወረደች ከቁምሳጥኑ አናት፣ ምንም አልጠየቀችም፤
ብርድ ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ሁለት ካልሲ፣ የጨጓራ ክኒኔን፣
«ቀበቶም ማሰሪያም አያስገቡም» ብላ ፈታች ጫማዬን።
ወንድሟን ስታመላልስ ነው የተማረችው።

ዋስስ?
እትዬ የሻረግ ከጀሞ መጣች፣ በሁለት ታክሲ፣
ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተገናኘን። ከጡቷ ሥር፣ በፌስታል ጠቅልላ፣
የጌጃ ሰፈር ቤቷን ካርታ አወጣች፣ ማኅተሙ እንዳይላላጥ ብላ።
ስሟ አለ፣ ካሬው አለ፣ አራቱም አዋሳኝ አለ፤
ቤቱ ግን በግንቦት ፈርሷል፤ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ ዋለ።
«ቤቱ ባይኖር ካርታው አለ፤ እኔም አለሁ» አለችኝ።
የሌለ ቤት ላልታሰረ ሰው ዋስ ሊሆን! ሳቅኩ፤ አሳቀችኝ።

በር ተንኳኳ፦ ቆጣሪ አንባቢ። ተንኳኳ፦ የእድር ሰው።
ተንኳኳ፦ ማንም የለም፤ ደረቴ ውስጥ ያለው ነው።
«አባዬ፣ ጫማህ ለምን አልታሰረም?» አለች ማስተዋል።
«ይታሰራል፣ ልጄ፣» አልኳት፣ «ቀኑ ሲደርስ ይታሰራል።»

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ትርንጎ ሥራ እንደሄደች፣
ካርቶኔን ታቅፌ ወጣሁ፤
ፀሐይ ከሰንጋ ተራ ፎቆች ወዲህ አልደረሰች።
ጣቢያ ገባሁ። «መጣሁ» አልኩ። ተረኛው ዳቦ እየበላ፣
መዝገቡን ገለጠልኝ፣ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ።
«ማን ጠራህ?» «ማንም።» «ተከሰሃል?» «እንጃ፤ ሳይሆን አይቀርም።»
«እዚህ የለህም፣ ወንድሜ። የሌለ ሰው አላስርም።»
«ታዲያ መቼ ልምጣ?» አልኩት። ሳቀ፤ ፍርፋሪውን አራገፈ፤
ከኋላዬ ስልኳን የተሰረቀች ሴት ነበረች፤ ወረፋዬ አለፈ።

ልክ ነው ጋሽ ዘርጋው፤ ለመውጣት መግባት ያሻል፤
እኔን ግን ያልገባሁበት በር ሌሊት ሌሊት ይዘጋብኛል።
ያልታሰረን ሰው ማን ይፈታዋል? የትኛው ችሎት? በስንት ቀን?
ሜክሲኮ ስደርስ አንድ እጅ ከኋላ ነካኝ ትከሻዬን።
ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ካርቶኑ ከእጄ ወደ መሬት ወርዷል።
«ወንድም፣» አለኝ ሎተሪ አዟሪው፣ «ጫማህ እኮ ተፈትቷል።»